60 ቀን ምን ይመሰክራል?

በብሪታንያ ከአምስት ዓመት በላይ ከሥራዋ ርቃ የቆየች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወደ ሙያው መዝገብ ልትመለስ ስትነሣ በቅድሚያ የምትጠየቀው የ60 ቀን ማስረጃ ነው። ከሁለት እስከ አምስት ዓመት የራቀችው በ30 ቀን ትገላገላለች። ይህ የጤናና እንክብካቤ ሙያዎች ምክር ቤት ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየ ደንብ ነው። አንድ ቀን ሰባት ሰዓት ተብሎ ስለሚቆጠር 60ው ቀን 420 ሰዓት ይሆናል። ሰዓቱ በሦስት መንገድ ሊሞላ ይችላል፤ በተመዘገበ ባለሙያ ክትትል ሥር በመሥራት፣ መደበኛ ትምህርት በመከታተል፣ ወይም በግል በማጥናት። የግል ጥናቱ ግን ከጠቅላላው ከግማሽ መብለጥ የለበትም። ምክር ቤቱ ከፊዚዮቴራፒ ሌላ የአምቡላንስ ሕክምና፣ የራዲዮግራፊ፣ የሥነ ልቦናና የሥነ ጥበብ ሕክምና ባለሙያዎችን ጨምሮ 15 ሙያዎችን ይመዘግባል። ለሁሉም ቁጥሩ አንድ ነው።

ደንቡ በቅን ልቦና የተቀረጸ ነው፤ መመለስን ቀላል ለማድረግ። ሆኖም ረጋ ብሎ ለተመለከተው ሰው እንግዳ ነገር ይታይበታል። የፊልም ምስል የሚያነሣና ሽባ የሆነን እግር መልሶ መራመድ የሚያስተምር ሰው በእኩል ፍጥነት ይረሳሉ፣ በእኩል ፍጥነትም ያስታውሳሉ ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ፣ ግማሹን ቀን በመደበኛ ኮርስ፣ ግማሹን በግል ንባብ የሞላች ባለሙያ አንድም ታማሚ ሳትነካ ወደ መዝገቡ ልትመለስ መቻሏ ነው። በክትትል ሥር የሠራችውም ብትሆን፣ ተቆጣጣሪዋ ፈርማ የምታረጋግጠው ክትትሉ መካሄዱን እንጂ የእጇንና የአእምሮዋን ሁኔታ አይደለም። ቅጹ ቀን ይጠይቃል፤ ነጥብ አይጠይቅም።

በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ይህ ግብአትን እንደ ውጤት መቁጠር ይባላል። አንድ ገበሬ ስንት ቀን እንዳረሰ መቁጠር ስንት ኩንታል እንዳመረተ አይነግርም። በእርግጥ መሬቱን ሄዶ መለካት ሲያስቸግር ቀን መቁጠር የሚያስገድድበት ጊዜ አለ። እዚህ ላይ መነሣት ያለበት ጥያቄ፣ በፊዚዮቴራፒ መለካቱ ያን ያህል የማይቻል ነው ወይ የሚል ነው።

አስቀድሞ ግን የሚጠፋው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሥራ ላይ ያልዋለ ችሎታ እንዴት እንደሚደክም የሚመረምሩ ጥናቶችን ዊንፍሬድ አርተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 በአንድነት ሰብስበው መርምረው ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ካገኟቸው ነገሮች አንዱ፣ አካላዊ የሆኑ ተግባራት ማሰብንና ማመዛዘንን ከሚጠይቁ ተግባራት ይልቅ በተሻለ ሁኔታ መቆየታቸው ነው። ይህ ብዙ ሰው ከሚገምተው ተቃራኒ ነው። ተመላሿን የሚያስጨንቃት ብዙውን ጊዜ እጇ ነው፤ መገጣጠሚያ መንካቱን፣ ታማሚን ከአልጋ ወደ ወንበር ማዛወሩን ረስቼው ይሆን የሚል ስጋት። እጅ ግን ቶሎ ይመለሳል። ወደ ኋላ የሚቀረው ውሳኔው ነው፤ ለየትኛው ታማሚ፣ መቼ፣ ምን ያህል፣ መቼስ ማቆም እንደሚገባ የሚወስነው ፍርድ።

በዚያ ላይ ሙያው ራሱ ቆሞ አይጠብቅም። በ2012 ሥራ ትታ በ2024 የተመለሰች ባለሙያን እናስብ። ስትወጣ ለወገብ ሕመም የአልትራሳውንድ ሕክምና መስጠት፣ በመሣሪያ መጎተት ወይም በቆዳ ላይ የኤሌክትሪክ ንዝረት ማድረግ በብዙ ክሊኒኮች የዕለት ተዕለት ሥራ ነበር። በ2016 የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤናና እንክብካቤ ልቀት ተቋም፣ በአጭር ስሙ ናይስ፣ ባወጣው መመሪያ እነዚህ ለወገብ ሕመም እንዳይሰጡ መከረ። ስትወጣ በስትሮክ የተመታን ሰው በፍጥነትና በብዛት ማንቀሳቀስ ይጠቅማል የሚለው እምነት እየበረታ ነበር። በ2015 ላንሴት ላይ የወጣው፣ 2,104 ታማሚዎችን በአምስት አገሮች የተከታተለው አቨርት የተባለው ጥናት ግን፣ ሕመሙ በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ከፍ ባለ መጠን ማንቀሳቀስ ከሦስት ወር በኋላ ደህና የመሆንን ዕድል ከማሳደግ ይልቅ ዝቅ እንዳደረገው አሳየ። ይህች ባለሙያ ሁለቱንም ዜናዎች ካልሰማች እጇ የቱንም ያህል ቢሠለጥን ታማሚ ትጎዳለች። የሚያስፈራው ደግሞ በራስ መተማመኗ ሙሉ ሆኖ መጉዳቷ ነው፤ የረሳ ሰው ይጠይቃል፣ የተለወጠበት ሰው ግን አይጠይቅም።

ራሷ ጉድለቷን አውቃ ትሙላ የሚለው መፍትሔም ብዙ አያስኬድም። ዴቪስና ባልደረቦቹ በ2006 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጡት ግምገማ፣ ሐኪሞች የራሳቸውን ብቃት በትክክል የመገመት ችሎታቸው ውስን መሆኑን አሳይተዋል። ጥናቱ ስለ ሐኪሞች ነው፤ ፊዚዮቴራፒስቶች ከዚህ የተለዩ ናቸው ብሎ ለማሰብ ግን ምክንያት አይታይም።

እዚህ ላይ ግን ለተመላሾቹ የሚደላ ሌላ እውነት አለ። ያላቋረጠ ባለሙያ ሁሉ ብቁ ነው የሚለው ግምትም ልክ አይደለም። ቾድሪ፣ ፍሌቸርና ሱሜራይ በ2005 የመረመሯቸው 62 ግምገማዎች ነበሩ፤ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ውስጥ የሐኪሞች የሥራ ዘመን በረዘመ ቁጥር በተለኩት ነገሮች ሁሉ አፈጻጸማቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ለ20 ዓመት ሳያቋርጥ አልትራሳውንድ ሲያደርግ የኖረ ሰው ከተመላሿ ይልቅ ከዘመኑ የራቀ ሊሆን ይችላል፤ ፈቃዱ ግን በየጊዜው ይታደሳል። ክፍተቱን ብቻ እንደ ጥርጣሬ ምልክት የሚያይ ሥርዓት ሲጀመር የተሳሳተ ነገር ይለካል።

ታዲያ ለምን ቀን ይቆጠራል? ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ይህ መልስ ግን ግማሽ መልስ ነው። ቀን መቁጠር ሌላም በጎነት አለው፤ አያዳላም። 60 ቀን ለሁሉም 60 ቀን ነው። ተቆጣጣሪዋ የተመላሿን አነጋገር ባትወድ፣ ስሟን ለመጥራት ቢያስቸግራት፣ ወይም ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጋር ብታመሳስላትና ብታደንቃት፣ ቁጥሩ ከፍም ዝቅም አይልም። በሰው አገር የሙያ ፈቃድ የጠየቀ ሁሉ ይህን ጥቅም ያውቀዋል። ምዘና ይምጣ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ በመጀመሪያ የሚደነግጡትም፣ ባለፉት ዓመታት በተቆጣጣሪ ፍርድ የተጎዱት ናቸው። ድንጋጤያቸው መልስ የሚገባው ነው።

አሜሪካ ይህን ችግር በከፊል በፈተና ልትፈታው ሞክራለች። ፈቃድ የሚሰጡት ግዛቶች ስለሆኑ ደንቡ አንድ ወጥ አይደለም። ፈቃዱ ለብዙ ዓመት የተቋረጠበት ባለሙያ በአንዱ ግዛት ብሔራዊውን ፈተና እንዲደግም፣ በሌላው በክትትል ሥር እንዲሠራ፣ በሌላው ደግሞ ትምህርት እንዲወስድ ሊጠየቅ ይችላል። ብሔራዊው ፈተና ከ200 እስከ 800 በሚደርስ ሚዛን የሚታረም ሲሆን ማለፊያው 600 ነው፤ በሕይወት ዘመን ከስድስት ጊዜ በላይ መቀመጥም አይፈቀድም። ፈታኙ ፊት አያይም፣ ድምፅ አይሰማም። የአቨርትን ዜና የሰማውን ካልሰማው ለመለየትም ያስችላል።

ይሁንና ጆርጅ ሚለር በ1990 የብቃት ምዘናን በአራት ደረጃ ፒራሚድ ሲያስቀምጥ፣ ከታች ማወቅ፣ ቀጥሎ እንዴት እንደሚደረግ ማወቅ፣ ከዚያ ማሳየት፣ ከላይ ደግሞ በእውነተኛው ሥራ ላይ ማድረግ ብሎ ነበር የለየው። የምርጫ ጥያቄ ከሁለተኛው ደረጃ አያልፍም። ትክክለኛውን መልስ በኮምፒዩተር ላይ የመረጠች ሴት፣ የሚያለቅስ ልጅ ይዛ የመጣችን እናት ስታናግር፣ ወይም ታማሚው በድንገት ሲያዞረው ምን እንደምታደርግ ፈተናው አይናገርም። የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎችም ይህን አላጡትም። የግዛት ቦርዶቹ ፌዴሬሽን በውጭ አገር ተምረው በአሜሪካ በክትትል ሥር ለሚሠሩ ባለሙያዎች ራሱን የቻለ የአፈጻጸም መመዘኛ አዘጋጅቷል። የሙያ ማኅበሩም ለተማሪዎች የሚሆን፣ ከጀማሪ አንሥቶ ለሥራ መግቢያ ከሚበቃው ደረጃ በላይ እስካለው የሚደርስ መሣሪያ አለው፤ በ2023 ሲታደስ መስፈርቶቹ ከ18 ወደ 12 ዝቅ ብለዋል። ቅነሳው ራሱ ትምህርት ነው። በሥራ የተወጠረ ተቆጣጣሪ 18 መስፈርት ሲሰጠው ሁሉንም አንድ ዓይነት ነጥብ እየሰጠ ያልፋቸዋል፤ መሣሪያው ረቀቀ ማለት ልኬቱ ረቀቀ ማለት አይደለም።

ከሁሉ ይበልጥ በጥንቃቄ የተሠራው የአውስትራሊያው መሣሪያ ይመስላል። የፊዚዮቴራፒ አሠራር ምዘና ተብሎ የሚጠራው ይህ መሣሪያ በሜጋን ዳልተን፣ ሜጋን ዴቪድሰንና ጄኒፈር ኪቲንግ ተዘጋጅቶ በአውስትራሊያ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ቤቶች በስፋት ሥራ ላይ ውሏል። 20 ነጥቦች አሉት፤ ከሙያዊ ጠባይና ከመግባባት ጀምሮ ታማሚን መመርመር፣ የተገኘውን ተንትኖ ማቀድ፣ ማከም፣ በማስረጃ ላይ ተመሥርቶ መሥራትና አደጋን መቆጣጠርን ያጠቃልላል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል፤ 2 ማለት ወደ ሙያው ለሚገባ ሰው የሚበቃ ዝቅተኛው ደረጃ ማለት ነው። የላቀ ሰው አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው በቂ ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ ምን ዓይነት ድርጊት መታየት እንዳለበት በምሳሌ ተጽፏል። ተቆጣጣሪው ሊያይ ያልቻለውን ነገር በዜሮ ፋንታ «አልተመዘነም» ብሎ እንዲተው ይፈቅዳል። ይህች የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች፤ በሥራ ቦታው የመተንፈሻ አካል ታማሚ ስላልመጣ ብቻ በዚያ ዘርፍ ዜሮ የተሰጠው ሰው ግን ትንሽ አለመሆኗን ያውቃል።

መሣሪያው ተፈትኗልም። 30 ጥንድ ተቆጣጣሪዎች እያንዳንዱ ጥንድ አንድን ተማሪ ለየብቻ ሲመዝን፣ በጠቅላላ ውጤታቸው መካከል የነበረው የመስማማት መጠን 0.92 ነበር፤ 1 ፍጹም ስምምነት ማለት ነው። ከ80 ነጥብ ውስጥ የልኬቱ ስሕተት 3.2 አካባቢ ነው። ይህን ቁጥር ወደ ሰው ሕይወት መመለስ ይገባል። ሁሉንም 2 ያገኘ ሰው 40 ነጥብ አለው። በ3.2 የስሕተት መጠን 38 ያገኘችውንና 42 ያገኘችውን በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። 25 ያገኘችውን ከ55 ለመለየት ግን ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ መሣሪያው በግልጽ ብቁ የሆኑትንና በግልጽ ያልደረሱትን ይለያል፤ በድንበሩ ላይ ያሉትን ደግሞ ተጨማሪ ጊዜና ሌላ ዓይን እንደሚያስፈልጋቸው ይናገራል። ቀን ቆጣሪው ደንብ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱንም አያደርግም።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ግን መታለፍ የለባቸውም። የመጀመሪያው፣ ቁጥሩ የተገኘው ከተማሪዎች መሆኑ ነው። የ45 ዓመቷ ተመላሽ የ22 ዓመት ተማሪ አይደለችም፤ ከታማሚ ጋር ለመግባባት ትበልጣለች፣ ከኮምፒዩተር መዝገብ ጋር ለመግባባት ታንሳለች፣ ተቆጣጣሪዋም በዕድሜ ልትበልጣት ወይም ልታንሳት ትችላለች። በዕድሜ የምታንስ ተቆጣጣሪ ታላቋን በግልጽ «ይህን አላወቅሽም» ለማለት የሚከብዳት በእኛ ባህል ብቻ አይደለም። ሁለተኛው፣ ሁለት ሰዎች መስማማታቸው ሁለቱም ትክክል ናቸው ማለት አለመሆኑ ነው። ሁለቱም በአንድ ዓይነት አነጋገር ጆሯቸው የለመደ ከሆነ፣ በሌላ አነጋገር የምታስረዳውን ባለሙያ እኩል ሊበድሏት ይችላሉ፤ ስታቲስቲኩም ይህን ስምምነት ብሎ ይመዘግበዋል።

የተቆጣጣሪው ችግር ማዳላት ብቻ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። ካትሊን ደፊ በ2003 በብሪታንያ በነርስ ተማሪዎች መዛኞች ላይ ያደረገችው ጥናት መጣል ያለበትን ተማሪ ያለመጣል ልማድን ርእሰ ጉዳይ አድርጎ አነሣው፤ መዛኞች ጥርጣሬ እያላቸው አሳልፈው ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት ጠማማ ልብ መፈለግ አያስፈልግም። መጣል ሪፖርት ማዘጋጀት፣ መከራከር፣ ምናልባትም ይግባኝ ማስተናገድ ነው። ማሳለፍ ፊርማ ነው። ዋጋው በተቆጣጣሪው ላይ፣ ጥቅሙ በማይታወቅ የወደፊት ታማሚ ላይ የሚያርፍ ውሳኔ ሲሆን፣ ሰው ወደ ፊርማው ቢያዘነብል አይፈረድበትም። ሆልምስትሮምና ሚልግሮም በ1991 እንዳስረዱት፣ ሁለት ሥራ ያለው ሠራተኛ የሚለካውንና የሚከፈልበትን ሥራ ይሠራል፤ ሌላውን ያጎድላል። በቀን ስንት ታማሚ እንዳየች የምትጠየቅ ተቆጣጣሪ፣ ተመላሿን አጠገቧ ቆማ ለመመልከት የምታውለው እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ከራሷ ቁጥር ላይ የሚቀነስ ነው።

እዚህ ላይ የጉዳዩ እውነተኛ ማነቆ ይታያል። ወደ ክትትል የሚገባ ሰው ቦታውን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፤ ብዙ ጊዜም ያለ ደመወዝ። በእንግሊዝ የጤና ትምህርት ተቋሙ፣ በ2023 ከብሔራዊው የጤና አገልግሎት ጋር ከመዋሐዱ በፊት፣ ለተመላሾች የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጥ መርሐ ግብር ጀምሮ ነበር። በጎ ጅምር ነው፤ የተለመደው ግን አንድ ሆስፒታል ለተመላሽ በር መክፈቱ እንደ ውለታ መታየቱ ነው። ውለታ ያደረገልህን ሰው ጥብቅ ምዘና አድርግልኝ ብለህ አትጠይቅም፤ እሱም ውለታውን በመጣል ሊደመድመው አይፈልግም። ምዘና ይኑር እያሉ የተቆጣጣሪን ሰዓት አለመክፈል፣ ቁጥር የሚመስል ውለታ ከማተም የተለየ ውጤት አይኖረውም።

ተመላሾቹ ራሳቸው ምዘናን ለምን ይሹታል? በዚህ ሙያ አብላጫዎቹ ሴቶች ናቸው፤ የሚያቋርጡትም ብዙ ጊዜ ልጅ ለማሳደግ ወይም ቤተሰብ ለማስታመም ነው። ተጨማሪ መሰናክል የሚመስላቸው ቢሆን አይገርምም። ነገር ግን ከመዝገቡ በኋላ ያለውን በር ማየት ይገባል። ክሮፍት፣ ላንግና ኖቶዊዲግዶ በ2013 ባወጡት ጥናት በአሜሪካ 100 ትልልቅ ከተሞች ለወጡ 3,000 ያህል የሥራ ማስታወቂያዎች 12,000 ያህል የፈጠራ ማመልከቻዎች ልከው ነበር። ከሥራ ውጪ የቆየበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር ለቃለ መጠይቅ የመጠራቱ ዕድል ዝቅ እያለ ሄደ፤ ቁልቁለቱ የሚበረታውም በመጀመሪያዎቹ ስምንት ወራት ነበር። አመልካቾቹ የፈጠራ ስለሆኑ በብቃት የሚለዩበት ነገር አልነበረም። ቀጣሪው ክፍተቱን አይቶ የማያውቀውን ሞላ።

ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ነገር እዚህ ይሠራል። ገዢው ደህናውን ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም የአማካዩን ዋጋ ይሰጣል፤ የሚጎዳውም ደህናው ነው። 60 ቀን የሞላች ብቁ ባለሙያና 60 ቀን የሞላች ያልበቃች ባለሙያ ለቀጣሪ የሚያሳዩት ወረቀት አንድ ነው። የመጀመሪያዋ 52 ነጥብ ማግኘቷን፣ በየትኞቹ ዘርፎች እንደበረታች፣ በሦስተኛው ሳምንት ከነበረችበት የት እንደደረሰች የሚያሳይ ሪፖርት ቢኖራት ክፍተቷ ሌላ ትርጉም ይኖረው ነበር። ምዘና የሌለበት ሥርዓት ለተመላሽ የሚራራ ይመስላል፤ ብቁዋን ግን ማስረጃዋን ነጥቆ ወደ ገበያ ይልካታል።

ከኢትዮጵያ ወጥተው በሌላ አገር የሚኖሩ ባለሙያዎች ዘንድ ጉዳዩ አንድ ተጨማሪ ቋጠሮ አለው። ለእነርሱ ክፍተቱ ብዙውን ጊዜ የመጣው ሙያውን ከመተው አይደለም፤ ፈቃድ ከመጠበቅ ነው። ጎንደር ተምሮ በአንድ ሆስፒታል የሠራ ሰው ወደ ጀርመን ቢሄድ፣ ትምህርቱ ከአገሩ ጋር እኩል መሆኑ ይመረመራል፤ ልዩነት ከተገኘ እስከ ሦስት ዓመት ሊደርስ የሚችል የማስተካከያ ሥልጠና ወይም ፈተና ይጠብቀዋል። ከዚያ በፊት ቋንቋ ይማራል፤ ማስረጃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ኑሮውን ለመግፋት መጋዘን ወይም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራል። ወረቀቱ ሲሟላ አራት ዓመት አልፏል። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሄደችውም ማስረጃዋ በዳታፍሎው ተጣርቶ፣ በፕሮሜትሪክ ተፈትና ስትጨርስ፣ በቅርብ ጊዜ ስለ መሥራቷ ትጠየቃለች። ሥርዓቱ ራሱ ክፍተቱን ፈጥሮ፣ መልሶ በክፍተቱ ይከሳታል። በመጦሪያ ቤት አረጋውያንን በማንሣትና በማራመድ ያሳለፈችው አራት ዓመትም በየትኛውም መዝገብ እንደ ልምድ አይቆጠርም፤ ምንም እንኳ ታማሚን በጥንቃቄ ማንቀሳቀስና መውደቅን መከላከል ከ20ዎቹ ነጥቦች ውስጥ ቢኖርበትም። ቀን የሚቆጥር ሥርዓት ይህን ልምድ የሚያይበት ዓይን የለውም። በመጀመሪያው ሳምንት የሚመዝን ሥርዓት ግን ያየዋል፤ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ።

የመጀመሪያ ሳምንት ምዘና የለውጡ እምብርት ሊሆን የሚገባውም ለዚህ ነው። ዛሬ ምዘና ያለባቸው ቦታዎች እንኳ በብዛት የሚመዝኑት መጨረሻ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ የሚደረግ ምዘና ማለፍና መውደቅን ይወስናል እንጂ ጊዜ አይቆጥብም። ተመላሿ በሁለተኛው ሳምንት በ20ው ነጥብ ብትመዘን፣ በ14ቱ ደረጃውን ያለፈችው በቀሪዎቹ ስድስት ላይ ብቻ ትሠራለች፤ በሁሉም ያለፈችው ለተወሰነ ዝቅተኛ ጊዜ፣ ለምሳሌ 15 ቀን፣ ቆይታ ትወጣለች፤ በብዙ ያልደረሰችው ደግሞ 60 ቀን እንደማይበቃት ቀድማ ታውቃለች። አንዷ ከምትፈልገው በላይ፣ ሌላዋ ከሚያስፈልጋት በታች የምትቆይበት አንድ ወጥ ቁጥር የሁለቱንም ጊዜ ያባክናል። የተቆጣጣሪ ሰዓት እጥረት ባለበት ደግሞ፣ በ15 ቀን የወጣችው የምትተወው ቦታ ለሌላ ተመላሽ የሚሰጥ ነው።

አድልዎን በሚመለከት መልሱ ምዘናን መተው ሊሆን አይገባም፤ ዓይን ማብዛት ነው። ቢያንስ አንዷ መዛኝ ከሌላ ክፍል ወይም ከሌላ ተቋም መሆን አለባት፤ ተመላሿን በማስገባትም ሆነ በማስወጣት ጥቅም የሌላት። የመግባባት ነጥብ ሲሰጥ ታማሚው የታዘዘለትን እንቅስቃሴ ተረድቶ መልሶ ማሳየቱ ይታይ፤ አነጋገሯ ለመዛኟ ጆሮ መጣፈጡ አይታይ። ተቆጣጣሪ አካላትም በየዓመቱ ውጤቱን በተማሩበት አገር ለይተው ቢያወጡ፣ የትኛው ተቋም ማንን እየጣለ እንደሆነ ከሐሜት ወደ ሰንጠረዥ ይሸጋገራል። ይህን ለማድረግ የሚጠይቀው ወጪ ቅጹን ከማተም ብዙም አይርቅም፤ ፈቃደኝነቱ ነው የሚጎድለው።

በኢትዮጵያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ፍላጎቱ ደግሞ በስትሮክ፣ በመኪና አደጋና በጦርነት ጉዳት እየበዛ ሄዷል። በዓለም ዙሪያ በ2019 የተሐድሶ ሕክምና የሚጠቅመው ሰው 2.41 ቢሊዮን ይደርሳል ሲል ላንሴት ላይ የወጣ ግምት አስልቶ ነበር። በውጭ አገር የሠለጠኑና ለሁለት ወርም ሆነ ለሁለት ዓመት ተመልሰው ሊያገለግሉ የሚሹ አሉ። ወደ ኋላ ሲመለሱም ያው ጥያቄ ይነሣል፤ በአሜሪካ ስፖርተኞችን ብቻ ለአሥር ዓመት ያከመ ሰው፣ ሸክላ ወለል ላይ የምትተኛ፣ ወንበር የሌላት፣ ውኃ ከወንዝ የምትቀዳ ስትሮክ የመታትን እናት እንዴት እንደሚያክም ማንም አይመዝነውም። የውጭ ወረቀቱ ለምዘና ቦታ አይተውም፤ እንግዳ ነውና በአክብሮት ይታለፋል። የጤና ሚኒስቴር የባለሙያዎችን የፈቃድ እድሳት ከተከታታይ ሙያዊ ትምህርት ጋር ሲያያይዝ የኮርስ ሰዓት ቆጠራን መሠረት አድርጓል። ገና በመገንባት ላይ ያለ ሥርዓት ስለሆነ ሌሎች ለማፍረስ የሚቸገሩትን ነገር ከጅምሩ ላለመሥራት ዕድል አለው። የዳያስፖራ የሙያ ማኅበራት መጻሕፍትና መሣሪያ ከመላክ ጎን ለጎን 20 ነጥብ ያለውን ዓይነት መመዘኛ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ለሚያክሙ ባለሙያዎች እንዲሆን አስተካክሎ በሁለት ሆስፒታሎች መሞከር፣ በየጥንዱ ተቆጣጣሪዎች ምን ያህል እንደሚስማሙ መለካት ይችላሉ። ከ30 ጥንድ በላይ አያስፈልግም፤ አውስትራሊያውያኑም የተነሡት ከዚያው ነው።